ቤተ መቅደስ ፎቶ ቤት ነው እንዴ?

አሁንስ በዛ! ትናንት ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን፣ ከኢንዶኔዥያዋ ደሴት ከባሊ የተመለሰ ጓደኛችን ስልኩን ዘረጋልን። ሌምፑያንግ የሚባለው ቤተ መቅደስ በር ላይ ቆሟል። ሲቆም፣ ሲዘል፣ ክንዱን ሲዘረጋ። "ውስጡስ ምን አለ?" አልነው። አልገባም! ለፎቶው ሰዓታት ተሰልፎ ደክሞት ተመለሰ። እግሩ ስር የሚታየው ውሃ እንኳ ውሃ አይደለም። ካሜራው ስር የተያዘ መስታወት ነው።

ሰው የሚሰግድበት ቦታ እኮ ነው! በሳኪህን ውሰዱ፤ አጉንግ ተራራ ላይ ያለውን ትልቁን ቤተ መቅደስ። እ.ኤ.አ. በ1963 ተራራው ሲፈነዳ ቀልጦ የወረደው ድንጋይ ለጥቂት ሳተው። የባሊ ሂንዱዎች ተአምር ነው ይላሉ። ይህን ካልጠየቁ ምን ሊያዩ ሄዱ? ሳሮንግ (ወገብ ላይ የሚታሰር ሽርጥ) ታጠቁ ሲባሉ ደግሞ "ሞቀኝ" ብለው መነጫነጭ! መስጊድ ደጃፍ ጫማውን አውልቆ፣ ቤተ ክርስቲያን ነጠላውን አጣፍቶ ያደገ የወሎ ልጅ እንዲህ ይላል?

እዚሁ አፍንጫችን ስር ሐይቅ እስጢፋኖስም ያው ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩበት ገዳም! ድሮ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር። አባቶች ስለ ጥንቱ የብራና ወንጌል ሲያወሩ ጎብኚው ጀርባውን ሰጥቶ ራሱን ፎቶ ያነሳል። አንድ ጥያቄ የለ፣ አንድ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" የለ!

በጸሎት ላይ ያለች እናት ፊት ካሜራ ስትደቅኑ፣ የእናንተ እናት ብትሆን ትወዱ ነበር? ስልኩን ለአምስት ደቂቃ ኪስ ውስጥ መክተት ይህን ያህል ይከብዳል?