ምኒልክ ጠጅ የቀመሱበት ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ምሽት ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ የመጣውን የእህቴን ልጅ እራት ልጋብዝ ብዬ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ወደሚገኝ፣ ምግብና ሙዚቃ በአንድ ጣሪያ ሥር ወደሚቀርብበት ቤት ይዤው ሄድሁ። ቤቱን ከወጣትነቴ ጀምሮ ዐውቀዋለሁ፤ ስሙን ግን አልጠራም፤ ነገ ተመልሼ የምበላው እዚያው ነውና። እጅግ ርቦኝ ነበር። አስተናጋጇ እንደ ሠርግ አልበም የወፈረ፣ በላስቲክ የተለበጠ የምግብ ዝርዝር አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። የመጀመሪያውን ገጽ ብገልጥ ጥብስ የለም፤ ሁለተኛውን ብገልጥ ሽሮ የለም፤ ሦስተኛውም ላይ የሚበላ ነገር አልነበረም። ሦስቱንም ገጽ የያዘው «የቤታችን ታሪክ» የሚል ጽሑፍ ነበር።

ርቦት የተቀመጠ ሰው ታሪክን በጥንቃቄ ያነባል፤ በየቤተ መጻሕፍቱ እንዲህ ያለ አንባቢ አይገኝም። ጽሑፉ የሚጀምረው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከሰማይ ታየ ከተባለውና ለከተማችን ስም ምክንያት ከሆነው ብርሃን ነው፤ ብርሃኑ ከቋንጣ ፍርፍር ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አላብራራም። ከዚያ በአንድ አንቀጽ ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ዘሎ፣ ቤቱን በ1912 ዓ.ም. አንዲት «የተከበሩ ባለርስት ወይዘሮ» እንደ መሠረቱት፣ ዳግማዊ ምኒልክም ወደ ትውልድ ስፍራቸው ወደ አንጎለላ ሲመላለሱ ጎራ ብለው ጠጅ እንደ ቀመሱበት፣ የሀገሪቱም የመጀመሪያው ዘመናዊ ባንድ በዚያው ዓመት እዚህ እንደ ተቋቋመ ይተርካል።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት አንጎለላ መሆኑ እውነት ነው፤ አንጎለላም ከከተማችን ሩቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ነው። ቤቱ በ1912 ዓ.ም. ተከፍቶ ከሆነ ጠጁን የቀመሱት ካረፉ ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጠጁ ይህን ያህል ኃይል ከነበረው ለምን ከቤቱ እንደ ጠፋ አልገባኝም፤ አንድ ብርሌ አዝዤ «አልቋል» ተብያለሁ። ባንዱን በተመለከተም፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ነጋሪትና ጥሩምባቸውን በአዲስ አበባ ማሰማት የጀመሩት ከ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ነው፤ እነርሱም እስካሁን የመጀመሪያው ይፋዊ ኦርኬስትራ ተብለው ሲጠሩ ኖረዋል። ለካስ የእኛ ሰፈር አራት ዓመት ቀድሟቸው ኖሯል።

የእህቴ ልጅ ሳቀና «ጋሼ፣ ምን ቸገረዎት? ለጌጥ እኮ ነው» አለኝ። የቸገረኝ ነገር ለእርሱ በአንድ እራት ተነግሮ የሚያልቅ አልነበረም። ዛሬ በከተማችን ዕድሜውን ያላስጻፈ ቤት የለም፤ ጸጉር አስተካካዩም «ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል፤ እርሱ ቢያንስ እውነቱን ነው። ይህኛው ቤት ግን የሚያስቆጣኝ ታሪክ ስለሌለው አይደለም፤ ስላለው ነው።

እዚህ ላይ ከተረቶች ሁሉ አብልጬ የምወደውን ተረት ካላነሣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን። እናቴ ይህን ተረት ሳትናገር የምትውልበት ቀን አልነበረም፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትናገረውም ስለ እኔ ነበር። ተረቱ ሴትዮዋ በብብቷ ምን ይዛ እንደ ነበር ሳይነግረን ማለፉ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በልጅነቴ ዶሮ ይመስለኝ ነበር፤ ዶሮ ግን ብትወድቅም ትበራለች እንጂ ጉዳት የለውም። ትምህርት ቤት ስገባ እንቁላል ነው ብዬ ሐሳቤን አሻሻልሁ፤ እንቁላል በብብት መያዝ ግን የሰነፍ ሥራ ነውና ተውሁት። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሴትዮዋ የሸዋ ሰው ከነበረች፣ በብብቷ የነበረው ጠርሙስ አረቄ መሆኑን ከቶ አልጠራጠርም።

አረቄ ካልሁ ዘንድ የቤቱን ታሪክ እኔው ልንገር። ይህን ቤት የከፈተችው ባለርስት ወይዘሮ አልነበረችም፤ ከመንዝ በኩል ወደ ከተማው የገባች፣ ባልም ርስትም የሌላት፣ አንድ የሱፍ ባና እና ሁለት እንስራ ይዛ የመጣች ሴት ነበረች። ሁላችንም «እትዬ» እንላት ነበር። በጭቃ በተመረገች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ጠላ መሸጥ ጀመረች፤ ከዚያም ወደ አረቄ ተሻገረች፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠች ከተማ አረቄ ከመጠጥ ይልቅ ከማገዶ የሚቆጠር ነውና ደንበኛ አላጣችም። የብርድ ልብስ ፋብሪካው የሌሊት ተረኞች ሲወጡ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሌላው ሙቀት ሲሠሩ አድረው ራሳቸው እየተንቀጠቀጡ ይመጡ ነበር። በታርማበር ዋሻ አልፈው ወደ ደሴና ወደ አሰብ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮችም ከነረዳቶቻቸው ይቆሙ ነበር። ምግብ የተጀመረው በእነርሱ ምክንያት ነው፤ ሾፌር በባዶ ሆዱ አረቄ ጠጥቶ ያን ቁልቁለት እንዳይወርድ እትዬ መጀመሪያ ጥብስ፣ ቀጥሎ መለኪያ የሚል ሕግ አወጣች። የቤቱ ምግብ ቤትነት ከዚህ ሕግ የተወለደ ነው፤ በላስቲክ በተለበጠው ዝርዝር ላይ ግን አንድ መስመር አልተጻፈለትም።

ሙዚቃውም በባንድ አልመጣም። ለጥር ሠርግ የመጣ አንድ አዝማሪ፣ ሠርጉ አልቆ ሙሽሮቹ ሲሄዱ እርሱ በእትዬ ቤት ቀረ። አንዳንዶች በአረቄው ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የተለየ ምክንያት ይሰጣሉ፤ እኔ እንደ ጨዋ ሰው በአረቄው ነው እላለሁ። የነበረው መሣሪያ አንድ ማሲንቆ ብቻ ነው፤ በዚያች ባለ አንድ ጅማት ዕቃ ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም ይወጣ ነበር። ደርግ ሥልጣን በያዘበት በ1967 ዓ.ም. እና በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. መካከል፣ ሰዓት እላፊው አንድ ጊዜ እየጠበቀ ሌላ ጊዜ እየላላ ሌሊቱን ከሰው ሲነጥቅ፣ እትዬ በሩን ትቀረቅርና ውስጥ ያለው ሁሉ እዚያው ያነጋ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዋልያስ ባንድ በሒልተን ሆቴል በሚጫወትበት በዚያ ዘመን፣ በእኛም ከተማ በኩራዝ ብርሃን፣ ድምፁ መንገድ ላይ እንዳይሰማ ማሲንቆው በዝግታ እየተገዘገዘ፣ አዝማሪው ግጥሙን ሊያንሾካሹክ ጥቂት እየቀረው ይነጋ ነበር። ወጥቶ መሄድ የማይችል ደንበኛ የአዝማሪ ሲሳይ ነው፤ አንዱን ሰው በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ ያሞግሰውና አራት ጊዜ ያስከፍለዋል።

የከፈለውን ነው የሚያሞግሰው። ያልከፈለው ምን እንደሚደርስበት እኔን ጠይቁኝ።

ያን ጊዜ አዲስ የተቀጠርሁ መምህር ነበርሁ፤ የለበስሁት ካፖርት የታላቅ ወንድሜ ሲሆን ወንድሜ ከእኔ በአንድ ክንድ ይረዝማል። ከአጠገቤ የተቀመጠ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ድንገት «ተቀበል!» ብሎ ጮኸና በአዝማሪው ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለው፤ አዝማሪውም ወደ እኔ ዞሮ፣ ማሲንቆውን አገጬ ሥር አስጠግቶ እንዲህ አለ፤

«የወንድሙ ካፖርት ልኩን አልፎ ሰፍቷል፣
እጁ ጠፍቶበታል ኪሱን መች አግኝቷል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የነበረኝ ሃምሳ ሳንቲም ነበረ፤ ያንንም ሰጠሁት፤ ከዚያ ወዲህ ግን በዚህ ከተማ «እጁ ጠፍቶበታል» የሚለው ሐረግ እኔን ተከትሎኝ ኖሯል፤ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈውልኛል። አዝማሪውን ይቅር ብየዋለሁ፤ እንጀራው ነው። አዝማሪው ግን ካፖርቱ የወንድሜ መሆኑን ከየት ሊያውቅ ይችላል? ያ ባልደረባዬ ዛሬ የተከበረ ሽማግሌ ሆኖ በየሠርጉ ይመርቃል፤ ስጠይቀው «እኔ አልነገርሁትም» ይላል፤ ከአርባ ዓመት በላይ እንዲሁ ሲል ኖሯል፤ እኔም በየፋሲካው እንጠያየቃለን እንጂ አላመንሁትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የእትዬ ስም ከዚያ ጽሑፍ የጠፋው በመርሳት አይደለም። ይህን ለማወቅ ሰዉ በሕይወት ሳለች እንዴት ይጠራት እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። ሌሊቱን ቤቷ ሲያነጋ ያደረ ሰው፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሲያገኛት ፊቱን ያዞር ነበር። የሰፈሩ ዕድር «ሙዚቃ ቤት ያላት ሴት» ብሎ በአባልነቷ ላይ ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተቀምጧል፤ ድንኳን የሚገዛ ገንዘብ ባጠረው ጊዜ ግን ብድር የጠየቀው እርሷን ነው፤ ያበደረችውም ያለ ወለድ ነው። አዝማሪውንም ቢሆን በስሙ የጠራው ሰው አልነበረም፤ «አዝማሪ» የሚለው ቃል፣ ከ«መዝሙር» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል፣ ለልጅ መገሰጫ ስድብ ሆኖ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረግነው እኛው ነን፤ እኔም አንዱ ነበርሁ፤ ለእናቴ የት እንዳደርሁ ስትጠይቀኝ «ፈተና ሳርም» እያልሁ ዋሽቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ያንኑ ቤት በሰው ፊት ለማቆም ስንፈልግ፣ አረቄ ሻጯን አስወጥተን ባለርስት ወይዘሮ አስገባንበት፤ አዝማሪውን አስወጥተን ባንድ አቋቋምንለት። ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ መናቁ ይበቃዋል፤ በላስቲክ ተለብጦ እንደገና መናቁ ለምንድን ነው?

ቀሪው ታሪክ አጭር ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተቋረጠና ሾፌሮቹ ቀሩ፤ እትዬ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ቤቱ ተሸጠ። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ከተማው በወጣት ተሞላ፤ አዲሱ ባለቤትም ግድግዳውን በብሎኬት፣ ማሲንቆውን በኪቦርድ ተካው። ማሲንቆው ጭራሹን አልተጣለም፤ ከጋሻው፣ ከጦሩና አንበሳ ነኝ ከሚለው የፍየል ጎፈር ጋር ለጌጥ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሏል።

ያን ቅዳሜ ሽሮዬ በመጨረሻ ሲመጣ ሙዚቃውም ተጀመረ። አንድ ወጣት ከኪቦርዱ ጀርባ ቆሞ አንድ ቁልፍ ሲጫን ከበሮውም፣ ክራሩም፣ ጭብጨባውም በአንድነት ከሁለት ሞንታርቦ ወጡ፤ የእህቴ ልጅ አፉን ሲያንቀሳቅስ አያለሁ፤ የሚለውን ግን አልሰማም፤ ሽሮው ድስቱ ውስጥ የሚንተከተከው በራሱ ሙቀት ይሁን በሞንታርቦው ኃይል መለየት አቃተኝ። ወጣቱ «እንግዲህ ወደ ጥንቱ የቤታችን ትዝታ እንመለሳለን» ባለበት ቅጽበት መብራት ጠፋ። ብርሃን ከሰማይ በወረደባት ከተማ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጨለማው ውስጥ አንድ ሰው «ማሲንቆውን አውርዱት!» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉም ተቀበለው፤ ወጣቱ ወንበር ላይ ወጥቶ በእጅ ስልክ መብራት አወረደው። ጅማት አልነበረውም። አስተናጋጇን «የኔ ልጅ፣ ጭራው የት ሄደ?» ብዬ ብጠይቃት «አባባ፣ ስንገዛውም የለውም ነበር፤ የፎቶ ነው» አለችኝ፤ አባባ ያለችኝን እንኳ ሳልታዘብ አለፍሁት። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ደጃፍ ላይ በሚያልፍበት ከተማ፣ ከጅራቱ አንድ ዘለላ ፀጉር የሚለምን ሰው አልተገኘም ማለት ነው። ወጣቱም መልሶ ሰቀለው።

መብራቱ እንደ ጠፋ ሒሳብ ጠየቅሁ። የሙዚቃ የሚል ልዩ ክፍያ ተጨምሮበታል፤ ለየትኛው ሙዚቃ እንደ ሆነ ብጠይቅ «ለቤቱ ነው» አሉኝ፤ የእህቴ ልጅ ፈጥኖ ኪሱ ሲገባ እኔ ገና ካፖርቴን እየዳበስሁ ነበር፤ ይህን በማንም ፊት አልክድም። ደረሰኙን በስልኩ ብርሃን ሳነበው ከግርጌው «ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ እናገለግላለን» ይላል። ከምግብ ዝርዝሩ ጋር አስተያይቼ፣ እዚያ 1912 እዚህ 1902 መሆኑን ለአስተናጋጇ አሳየኋት።

«እሱማ የድሮው ነው፣ አባባ» አለች። «አንድ ትልቅ ሰው ስሕተት እንዳለበት ነግረውን በአሥር ዓመት ዝቅ ተደርጓል፤ በሚቀጥለው ወር የሚታተመው ዝርዝር ላይም ይስተካከላል።»

እንግዲህ ምኒልክ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ስለ ባንዱ ግን ገና ማንም አልነገራቸውም።