ማስተካከያ፦ ያ የላስት ወርድ ጥቅስ የማንዴላ አይደለም

ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ተመራቂዎች ስልክ ላይ የሚዞር የላስት ወርድ ዝርዝር አለ። ለመመረቂያ መጽሔቱ ከፎቶ ስር የሚገባ ጥቅስ ላጣ ሰው ተብሎ የተላከ ነው። አንደኛው «ትልቁ ፍርሃታችን አቅም የለንም የሚለው አይደለም» ይልና ስሩ ላይ «ኔልሰን ማንዴላ፣ በዓለ ሲመት፣ 1994» ተብሎ ተጽፏል።

ስህተት ነው። ማንዴላ በዚያ ንግግር ይህን አላሉም። አባባሉ የአሜሪካዊቷ ጸሐፊ የማሪያን ዊልያምሰን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ መጽሐፏ ላይ ያለ፣ ማለትም ከንግግሩ ሁለት ዓመት ቀድሞ የታተመ። ከወደዳችሁት ተጠቀሙት፣ ስሙን ብቻ ቀይሩ። መጽሔት እንደ ፌስቡክ ኤዲት አይደረግም፣ ከታተመ ታተመ።

ላስት ወርድ «በእንግሊዝኛ ቢሆን ይመረጣል» የሚባለውን ደግሞ እርሱት። የመጽሔት ኮሚቴያችሁ ካልከለከለ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጻፋል። እንደውም እናታችሁ በረካው ላይ የሚመርቋችሁን አንድ መስመር ብትጽፉ፣ ለእኔ ከማንም ዝነኛ ሰው ይበልጥብኛል (ረጅም ምርቃት ግን ከፎቶ ስር አይበቃም፣ ቁረጡት)።

በማንዴላ ስም ቀድማችሁ የላካችሁ ካላችሁ፣ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ኮሚቴው ጋ ደውሉ።