ሙቀቱ ነው ወይስ ቾኩ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ቡናው ቀዘቀዘ፣ እኛ ጋልን። ሰበቡ የመምህር መኪና ናት። እ.ኤ.አ. የ1966 ቮልቮ አማዞን፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር፣ ባለ ሁለት ካርብሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለው ዕቃ)። ቀለሟ ያንጸባርቃል፣ ወንበሯ አልተቀደደም። ጠዋት ስትነሳ ድምጿ እንኳ አይሰማም። ከሞቀች በኋላ ግን ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጧት ቆማ ስትሠራ፣ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። መስቀለኛ ላይ ባጃጅ ላሳልፍ ብለው ሲቆሙ ድርግም ትልባቸዋለች። ከኋላ ደግሞ ክላክስ ነው።

መምህር መልሱን ይዘው ነው የመጡት። «ቤንዚኑ እየፈላ ነው» አሉ። በዚህ ሞተር ላይ የአየር መግቢያውም የጭስ መውጫውም በአንድ ወገን ነው፤ ካርብሬተሮቹ የተቀመጡት ከጋለው የጭስ መውጫ በላይ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ውሃ እንኳ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ቤንዚንማ ከውሃ በፊት የሚተን ነገር ነው። በዚያ ላይ የሚያዝያን ሙቀት አስቡት አሉን። ማስረጃም አላቸው፦ ከኋለኛው ካርብሬተር ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ሲያደርጉ ይሻላታል። ሳይንሱ ላይ ስህተት አይገኝባቸውም፣ አስተማሪ አይደሉ!

«ከቤንዚኑ ጋር ምን አጣላን?» አሉ መካኒኩ። እኚህ ሰው ካቻቢቴ ሳይዙ ከቤት አይወጡም፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን። «መምህር፣ ሁለት በሬ ጠምደው አንዱ ቢያዘግም እርፉ በጁ ያለው ሰው ምን ይሆናል? የፊተኛው ካርብሬተር አንደኛና ሁለተኛ ሲሊንደርን ያበላል፣ የኋለኛው ሦስተኛና አራተኛን። እኩል እየጎተቱ አይደለም።» ከመኪናቸው የጎማ ቱቦ ቁራጭ አመጡ። አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን ካርብሬተሩ አፍ ላይ አደረጉ። ከዚያ እኛንም በየተራ አስደመጡን። እውነት ነው፣ የፊተኛው «ሽሽሽ» የሚለው ጠንከር ብሎ ነው፣ የኋለኛው ሳሳ ይላል። መካኒኩ ነገሩ እንዳለቀ ቆጥረው ቡናቸውን ፉት አሉ።

እኔም ዝም አላልኩም። መኪናዋ የተስተካከለችው አዲስ አበባ ነው። እዚያ ከፍታው 2,350 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ወደ ባሕር ዳር ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ለአየሩ ያንሳል። ይህን ስናገር ራሴን በጣም አዋቂ አድርጌ ነበር። አብሮን የተቀመጠው ወጣት፣ ጋራዥ ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፣ ቀና ብሎ አየኝና «ታዲያ ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች እንዴ?» አለኝ። ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ከፍታ አላነሳሁም።

ልጁ ሌላ ነገር ነው የጠየቀው፣ ስለ ቾኩ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ቤንዚን እንዲበዛለት ስለሚሳበው። «መምህር፣ ቾኩን የት ሲደርሱ ነው የሚመልሱት?»

«ጊዮርጊስ ጋ ስደርስ።»

«መንቀጥቀጡስ የት ይጀምራል?»

መምህር ትንሽ አሰቡ። «እዚያው አካባቢ።»

«የሙቀት መለኪያው ያን ጊዜ የት ነው?»

«ገና ከታች ነው» አሉና ድምፃቸው ቀነስ አለ። ክረምት ላይም፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይም ታደርገው እንደነበር የነገሩን ይህን ጊዜ ነው። አስቀድመው ቢነግሩን ኖሮ አንድ ቡና ይተርፈን ነበር።

ልጁ ኮፈኑ ውስጥ ገባ። ካርብሬተሩ ውስጥ አየሩን የምትከፍትና የምትዘጋ ክብ ሰሌዳ አለች፣ ያቺን የምታዞር ቀጭን ዘንግ አለች። የኋለኛዋን ዘንግ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቃት። ተነቃነቀች። የፊተኛዋ ንቅንቅ አትልም። ሞተሩ እየሠራ ማጽጃ ስፕሬይ ሊነፋ ሲል መካኒኩ እጁን ያዙት፤ «አንተ ልጅ፣ ከታች የጋለ ብረት አለ፣ ልታቃጥለን ነው?» እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ልክ ነበሩ። ስፕሬዩ ቀረና በመርፌ ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት ዘንጓ ጫፍ ላይ ጠብ አደረገ። ዘይቱ ዓይናችን እያየ ወደ ውስጥ ተሳበ። ሞተሩ ረጋ። አንድ ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ ያህል፣ ከዚያ ተመልሶ ያው ሆነ። የፊተኛው ላይ ጠብ ሲያደርግ ምንም የለም።

መካኒኩ አልተረቱም። «በጎን አየር የማታስገባ አሮጌ መኪና አለች? የኋለኛውን የቤንዚን ማስተካከያ ዳዶ በአንድ ጠርዝ ላዙርላት፣ ቤንዚን ትጨምራለች፣ አለቀ።» አንድ ነገር አሳዩን። በካርብሬተሩ ውስጥ የሚወጣውንና የሚወርደውን ፒስተን በትንሿ ማንሻ አንድ ሚሊሜትር ያህል ከፍ አደረጉት። የፊተኛው ላይ ሞተሩ ትንሽ ፈጠን አለና ተመለሰ፤ ልክ ነው ማለት ነው። የኋለኛው ላይ ሊጠፋ ደረሰ፤ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። «አያችሁ?» አሉ።

እኔ የምፈርደው ለልጁ ነው። «ስትሞቅ» የሚለው ቃል ሁላችንንም ሸውዶናል። ጥፋቱ ጠዋትም ነበረ። ቾኩ ሲሳብ ቤንዚን ስለሚበዛ በዘንጓ ዙሪያ የሚገባውን ትርፍ አየር ይሸፍነዋል። ቾኩ ሲመለስ ገመናው ይወጣል። የመካኒኩ ቱቦም ቢሆን የሚመሰክረው ለልጁ ነው፤ የኋለኛው አፉ ላይ ፉጨቱ የሳሳው አየሩ በጎን ስለሚገባ ይመስለኛል። የመምህር ጨርቅም ካርብሬተሩን አቀዘቀዘው ከማለት ይልቅ እርጥቡ ዘንጓ ላይ ተኝቶ ቀዳዳዋን ደፈነላቸው ብል ይቀለኛል።

ዳዶውን ማዞርስ? ሚኒሞ ላይ ሰሌዳዋ ልትዘጋ ደርሳ ስለሆነ መሳቡ ኃይለኛ ነው፣ በጎን የሚገባው አየር ከጠቅላላው ብዙ ድርሻ አለው። ነዳጅ ሰጥተው ወደ ጢስ ዓባይ ሲነዱ ግን ያ አየር ከቁጥር አይገባም። የተጨመረው ቤንዚን ግን እዚያው አለ። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚኑም ዋጋው የታወቀ ነው።

ስለዚህ ካርብሬተሮቹ ይፈቱ። የኋለኛው ቶርኖ ቤት ሄዶ ዘንጉ የሚዞርበት አዲስ ቡሽ ይግባለት፣ ዘንጉም ይቀየር። የፊተኛውም አብሮ ይታይ፣ ዕድሜያቸው አንድ ነው። መካኒኩ ቱቧቸውን ይዘው የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ከሳቸው የተሻለ ጆሮ ያለው ሰው ባሕር ዳር ውስጥ የለም፣ ይህን ልጁም አልካደም። ማስተካከሉ ሞተሩ ሞቆ፣ ቾኩ ሙሉ ለሙሉ ተመልሶ ነው። መጀመሪያ የሁለቱ ፉጨት እኩል ይሁን፣ ቀጥሎ ዳዶዎቹ፣ መጨረሻ ላይ ሚኒሞው በደቂቃ ወደ 800 ዙር ይውረድ።

መምህር የፈላ ቤንዚናቸውን ሙሉ በሙሉ አልተዉም፣ ከጭስ መውጫው በላይ ያለው የሙቀት መከለያ ቆርቆሮም ይታይልኝ ብለዋል። ይታይላቸው። ልጁ መርፌውንና ግማሽ ጠርሙስ ዘይት ወንበራቸው ላይ አስቀምጦላቸው ሄደ፣ እስከ ሰኞ እንዲያደርሳቸው።