የቻይና ንግድና የቅዳሜ ገበያ ጥለት

ባሕር ዳር ላይ የቻይና ንግድ ወሬ ከተነሳ ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ የአሜሪካኖቹን ክስ ይዞ «መንግሥቷ ፋብሪካውን እየደጎመ ዓለምን በርካሽ ዕቃ አጥለቀለቀች፣ ይሄ ውድድር አይደለም» ይላል። ሌላው «ምቀኝነት ነው፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማን ሠራልንና!» ብሎ ይመልሳል። ለኔ ሁለቱም በሰው ክርክር የሚሟገቱ ናቸው።

ድልድዩን እናስቀድም። 380 ሜትሩን ድልድይ የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው። ገንዘቡን የከፈለው ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። ጥሩ ሠሩ፣ ሒሳባቸውን ተቀበሉ። ውለታ የለብንም።

የአሜሪካ ክስም ቢሆን ሙሉ አይደለም። በፈረንጆቹ 2024 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ላይ 100 በመቶ ቀረጥ የጣለችው አሜሪካ ራሷ ፋብሪካዎቿ ጨቅላ በነበሩበት ዘመን የእንግሊዝን ዕቃ በከባድ ቀረጥ እየከላከለች ነው ያደገችው። እኛን ደግሞ በ2022 ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገቡበት ዕድል፣ አስወጥታናለች፤ ዋጋውን የከፈሉት በኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ቻይናም የአሜሪካንን መንገድ ነው የሄደችው። የውጭ መኪና አምራች እዚያ ገብቶ ለመሥራት ለብዙ ዓመታት ከቻይና ኩባንያ ጋር መሻረክ ነበረበት፣ ድርሻውም ከግማሽ አይበልጥም። ይህ ገደብ ከቤት መኪና ላይ ጨርሶ የተነሳው በ2022 ነው፤ ያኔ የራሷ ኩባንያዎች ጠንክረዋል። በዚህ አልወቅሳትም። እንዲያውም ጎበዝ ናት።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሂዱና የሐበሻ ቀሚስ ጠይቁ። ጥለቱ በማሽን የታተመ፣ ከሩቅ ሲያዩት ከሽመና የማይለይ የቻይና ጨርቅ ይዘረጉላችኋል። በጣም ርካሽ ነው። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ፣ ድርና ማግ ሲያገናኝ የሚውለው ሸማኔ በዚያ ዋጋ እንዴት ይሽጥ? ገዢው ላይ አልፈርድም፣ ኑሮው ተወዷል። ግን ጥለቱ የኛ ነው። ሲገለበጥ ማንም አልጠየቀንም፤ ሸማኔውም ሰባራ ሳንቲም አላገኘበትም።

ሰሊጡንም እዩት። ከመተማና ከቋራ የሚወጣው ሰሊጥ ትልቋ ገዢው ቻይና ናት። ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ደግሞ እንደኛ ባሉ ድሃ አገሮች ዕቃ ላይ ቀረጥ አንስታለች። ደስ ይላል። ግን ጥሬ ሰሊጥ እየላክን፣ በልዋጩ የታተመ ጥለትና የፋብሪካ ዕቃ እየተቀበልን ከቀጠልን የዜሮ ቀረጡ ጥቅም ለኛ ጠብ አይልም። በዜሮ ቀረጥ የሚያተርፈው የሚሸጥ የፋብሪካ ምርት ያለው አገር ነው።

እኛም ፋብሪካ አጥተን አልነበረም። የባሕር ዳር ጨርቃጨርቅ ከጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ፣ ከፈረንጆቹ 1961 ጀምሮ ከተማዋን ያሳደገ ፋብሪካ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ከቻይና ጋር እኩል ሜዳ ላይ ይወዳደር ማለት ይዘጋ ማለት ነው። የንግድ ትርፏ በ2024 ወደ 1 ትሪሊዮን ዶላር ከተጠጋ አገር ጋር ምን እኩልነት አለ?

ስለዚህ ጥያቄዬ ለቤጂንግ ብቻ አይደለም፣ ለአዲስ አበባም ነው። ቻይና የዓለም ንግድ ድርጅት ውስጥ ለመግባት 15 ዓመት ተደራድራለች፤ በነዚያ ዓመታት ደግሞ ፋብሪካዋን ገንብታለች። በፈረንጆቹ 2003 አመልክታ ስትደራደር የኖረችው ኢትዮጵያስ ለሸማኔውና ለጨርቃጨርቅ ሠራተኛው ምን ታስከብርለታለች? የታተመ ጥለት ላይ ከባድ ቀረጥ ይጣል። ገበያ ላይም «የታተመ» ወይም «በእጅ የተሸመነ» የሚል ምልክት ይለጠፍበት፣ ገዢው አውቆ ይግዛ። ቻይና ይሄን ተቃውማ ቅር ካላት፣ የራሷን የመኪና ሕግ አውጥተን እናሳያት።