ከመሳቁ በፊት ፊቴን የሚያየው ሰው

ባለፈው ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ምስር ወጤን አሙቄ፣ ሽታው ማንንም እንዳያውክ ክዳኑን በግማሽ ብቻ ገልጬ፣ በመሥሪያ ቤቱ የመመገቢያ ክፍል ጥግ ይዤ በተቀመጥሁበት አንድ ነጭ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን ይዞ መጣና «ይህን ሳታይማ አትውልም» አለኝ። ያሳየኝ «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» በተባለው የቅዳሜ ምሽት ዝግጅት ውስጥ የሚቀርበውን የቀልድ ዜና ነበር። አንባቢው ስለ ጥቁሮች አንድ ቀልድ ጣል አደረገ። ባልደረባዬ ግን አልሳቀም፤ ሳቁን በጉንጩ አቁሮ፣ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ጉርሻዬን እያላመጥሁ ስለ ነበር ፊቴ ላይ ሊነበብ የሚችለው የምስሩ ጨው ማነስ ብቻ ነው። ሲጨንቀኝ ራሴን ነቀነቅሁለት፤ ያን ጊዜ ሳቁን ለቀቀው።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ነገር ግን አዲስ አበባ ሳለሁ «ጠይሙ» ከመባል በቀር ስለ ቀለሜ ጥያቄ ቀርቦልኝ የማላውቀው እኔ፣ አሜሪካ ገብቼ በአንድ ቅጽ ላይ ካሉት ሳጥኖች በአንደኛው ውስጥ ምልክት ካደረግሁ ወዲህ፣ ሹመት ሳልለምን የአንድ ሕዝብ የሳቅ ሚኒስትር ሆኜ ቀርቻለሁ። ከእኔ በፊት ይህን ሹመት ያገኘው ጥቁሩ ቀልደኛ ላሪ ዊልሞር ነው። ከ2006 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «ዘ ዴይሊ ሾው» በተባለው የቀልድ ዜና ዝግጅት ላይ ሲቀርብ ማዕረጉ «ከፍተኛ ጥቁር ዘጋቢ» ነበር፤ ሌላው ስለ ጦርነት ወይም ስለ ምርጫ ሊዘግብ ሲቀርብ የእርሱ የሥራ ዘርፍ ጥቁር መሆን ነበር ማለት ነው። ቀልዱ ያለው እዚያው ማዕረጉ ላይ ነው፤ ዊልሞርም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። በዚያ ላይ ደመወዝ ይከፈለው ነበር።

ከምወዳቸው ተረቶች አንዱ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሠርግ ላይ ዶሮ ወጥ የምታወጣ ሴትዮ እንቁላሉን ሳህኔ ላይ ካኖረችልኝ በኋላ፣ ከኋላዬ የተሰለፈውን ባለ ከረባት አየት አድርጋ መልሳ አነሣችው። እንቁላሉን ረስቼዋለሁ፤ (አልረሳሁትም) ከልቤ ያልወጣው ግን ስታነሣው ያሳየችኝ ፊት ነው። የአሜሪካ የዜና ቀልድ ዘርን በተመለከተ የሚበላው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ፍትፍቱን ትቶ ፊቱን።

ለዚህ ዋናው ምስክር የማይክል ቼ እና የኮሊን ጆስት የቀልድ ልውውጥ ነው። ጥቁሩ ቼ እና ነጩ ጆስት ከ2014 ጀምሮ የቅዳሜውን ዜና አብረው ያቀርባሉ፤ አልፎ አልፎም አንዱ ለሌላው የጻፈውን ቀልድ፣ አንባቢው አስቀድሞ ሳያየው፣ በቀጥታ ያስነብበዋል። ቼ ታዲያ ነጭ ሰው በአደባባይ ሊያወጣው የማይደፍረውን የዘር ቀልድ ይጽፍለታል፤ ጆስትም እየቀላ፣ እየተርበተበተ ያነበዋል፤ አዳራሹም በፊቱ ይስቃል። በ2023፣ ከገና በፊት በቀረበው ዝግጅት፣ ቼ አንዲት ጥቁር ሴት የሲቪል መብት ታጋይ ናቸው ብሎ አስተዋውቆ ከጆስት ጎን አስቀመጠበት። ሴትዮዋ ተዋናይ ነበረች። ስመለከታት የራሴን ሥራ በደመወዝ የሚሠራ ሰው ያገኘሁ መሰለኝና ቀናሁ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ቤት አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ያዜማል፤ ስድቡ የሰጪው ይሁን የተቀባዩ ሳይለይ ሁሉም ነጻ ሆኖ ይወጣል። ልዩነቱ፣ አዝማሪ ቤት የተሰደበው ሰው እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ብር አውጥቶ፣ ግጥም ሰጥቶ መልሶ ማሰደብ ይችላል። በልውውጡ ውስጥ ግን የጆስት ኀፍረት ሁሉን ስለሚሸፍነው ጥቁሩ ሰው ነጭን ለማሳፈሪያ የመጣ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። እስቃለሁ፤ ከሳቅሁ በኋላ ግን ይከነክነኛል።

ሰምና ወርቅን ሲገነጥሉት ምን እንደሚሆን ደግሞ ነጩ የቴሌቪዥን ቀልደኛ ስቲቨን ኮልቤር በ2014 አይቶታል። የዋሽንግተኑ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስድብ በሆነ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ ባለቤቱ እነዚያኑ ሕዝቦች የሚረዳ ድርጅት ባቋቋመ ጊዜ፣ ኮልቤር በእስያውያን ላይ የተሰነዘረ ስድብን የያዘ የይስሙላ ድርጅት ፈጥሮ ተሳለቀበት። ሰሙ ብቻ ተነጥሎ ትዊተር ላይ ሲወጣ ግን «ኮልቤር ይወገድ» የሚል ዘመቻ ተነሣ። ቀልዱ በቀናት ውስጥ ተወገዘ፤ የቡድኑ ስም እስከ 2020 ቆየ። በታክሲ ሥራ ዘመኔ ያን ስም የለበሱ ደጋፊዎችን ወደ ላንዶቨር ስታዲየም ስንት ጊዜ አመላልሻለሁ፤ ከመሳቁ በፊት የሰው ፊት ያየ አንድም አልገጠመኝም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ካሜራ የሌለበት ክፍል ነው። ዋያት ሴናክ በ2015 እንደ ተናገረው፣ በ2011 «ዘ ዴይሊ ሾው» ውስጥ ብቸኛው ጥቁር ጸሐፊ ሳለ፣ የዝግጅቱ አቅራቢ ነጩ ጆን ስቱዋርት የጥቁሩን ፖለቲከኛ የሄርማን ኬይንን ድምፅ አስመስሎ ማቅረቡ እንደ ከበደው ሲነግረው፣ ስቱዋርት ጮኾበታል፤ ሰድቦታል። በስክሪኑ ላይ የሌላውን ዘረኝነት በየምሽቱ የሚፈለፍል ሰው፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ፊት ሲጠቁር ለማየት ዓይን አጣ! ይህን ስጽፍ ባልደረባዬ ትዝ አለኝና ጥቂት አፈርሁ፤ እርሱ ቢያንስ ያያል። ቢሆንም ሲያየኝ እናደዳለሁ፤ ባያየኝም ልናደድ እንደምችል ሴናክ አስታወሰኝ። ይህን እንዴት እንደማስታርቀው እስካሁን አልገባኝም።

ከስቱዋርት ቀጥሎ ዝግጅቱን የተረከበው ደቡብ አፍሪካዊው ትሬቨር ኖዋ እንኳ በ2018 ፈረንሳይ የዓለም ዋንጫ ስትወስድ «ያሸነፈችው አፍሪካ ናት» ብሎ በመቀለዱ፣ በዋሽንግተን የፈረንሳይ አምባሳደር የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉለት። ኖዋ ደብዳቤውን በፈረንሳይኛ ቅላፄ ካነበበው በኋላ፣ አንድ ሰው ፈረንሳዊም አፍሪካዊም ቢሆን ምን ይከፋል ብሎ ጠየቀ። እኛ ሐበሾች ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነን አጨበጨብን። በ2024 ግን በፓሪስ ማራቶን፣ አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ከትዕግሥት አሰፋ ጋር ተጋፍታ ስታሸንፍ፣ እስከዚያች ደቂቃ «የኛ ልጅ» ስንላት የነበረውን ልጅ በአንድ ጊዜ ደች አደረግናት። የኢትዮጵያ ይግባኝም ውድቅ ሆነ። ቡና ቤቱ ውስጥ ማን እንደ ሳቀ አላስታውስም፤ ፊታችን ግን አሁንም ይታየኛል።

ትናንት ባልደረባዬ ሌላ ቪዲዮ ይዞ መጣ። በዚህኛው ቀድሜ የእርሱን ፊት ማየት ጀመርሁ፤ እርሱም እንደ ልማዱ የእኔን ያያል። ቪዲዮው አለቀ።

«ምን ነበር ያለው?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም አልሰማሁትም ነበር።