ተጫዋቹ አልለመደም፤ ጨዋታው ነው የታረመው

የሲቪላይዜሽን የኮምፒውተር ጨዋታዎች ሠሪ ፋይራክሲስ በመጨረሻ እጅ ሰጠ። ሲቪላይዜሽን 7ን (ባጭሩ ሲቭ 7፤ ሕዝብን ከጥንት እስከ ዘመናችን የሚመሩበት ጨዋታ ነው) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ መሃል ላይ ሳይቀይሩ፣ በአንድ ስልጣኔ መጫወት የሚያስችል አማራጭ እየሠራ መሆኑን ኖቬምበር 2025 ላይ አሳወቀ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው)። ከተጫዋቾች መካከል ፈቃደኞችን ጠርቶም እንደሚያስሞክር ተናገረ። ጥሩ። ጨዋታው ከወጣ ጀምሮ ሲጮህ የነበረው ሕዝብ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር።

እኔን ያበሸቀኝ ውሳኔው ሳይሆን ውሳኔውን ተከትሎ የመጣው ወሬ ነው። "ኩባንያው ደግ ሆኖ ሰማቸው።" "ጌመር መቼ ጠግቦ ያውቃል?" ከሁሉም የባሰው ደግሞ፦ "በሲቭ 5ም በሲቭ 6ም እንዲሁ ሲያለቃቅሱ ነበር፤ በኋላ ለመዱት።" ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል። የመንገድ ወሬ ብቻ ቢሆን ንቄ ባለፍኩት። ግን የአሳታሚው የቴክ-ቱ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ስትራውስ ዜልኒክም ጨዋታው በወጣ ሰሞን የተናገሩት ከዚህ የራቀ አይደለም። የቆዩ የሲቭ ተጫዋቾች ለውጥ ሲያዩ መጀመሪያ ትንሽ ይጨንቃቸዋል፣ እያደር ግን ይወዱታል የሚል ነው ሐሳባቸው። ማለትም ችግሩ ያለው እኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጨዋታው ደህና ነው፤ እኛ ነን የዘገየነው።

እስቲ መጀመሪያ የጮኸው ማን እንደሆነ እንይ። ጨዋታው በይፋ የወጣው ፌብሩዋሪ 11፣ 2025 ነው። መደበኛው ዋጋ 70 ዶላር። አምስት ቀን ቀድሞ መጀመር የፈለገ ሰው 100 ወይም 130 ዶላር ከፈለ። ስቲም በተባለው የጨዋታ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የመጀመሪያውን የወቀሳ ዶፍ ያወረዱት እነዚህ ቀድመው የገቡት ናቸው። ለውጥ የሚፈራ ሰው ገና ላላየው ነገር 130 ዶላር አያወጣም። ለውጥ የሚፈራ ሰው ሲቭ 6ን ከፍቶ ቤቱ ይቀመጣል። (አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ኦርጅናል ገዝቶ ይጫወታል የሚለውን ለጊዜው እንተወው። ገዝቶ የሚጫወተው ግን በ2025 መጨረሻ ምንዛሬ መደበኛውን ብቻ ለማግኘት አሥር ሺህ ብር ገደማ ያወጣ ነበር፤ ያውም ዶላር መክፈል የሚችል ካርድ ካገኘ።)

አቤቱታቸው ምን ነበር? "አዲስ ነገር አስጠላን" አይደለም። የራስህን ከተማ ስም መቀየር አትችልም ነበር። ካርታውን የሚያስሰው ቃኚህ በራሱ እንዲዞር ማዘዝ አይቻልም፤ እያንዳንዱን እርምጃ አንተው ትነዳዋለህ። ምርምሮችን አስቀድሞ በተራ ማሰለፊያ ወረፋ የለም። ትልቅ ካርታ የለም። ምግቡ ወይም ወርቁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማውሱን ብታሳርፍ የረባ ማብራሪያ አይወጣም። ጨዋታው ካለቀ በኋላ "አንድ ዙር ብቻ ልጨምር" ብሎ መቀጠልም የለም። ይህ ተከታታይ ጨዋታ ከሲድ ሜየር የ1991 ሥራ ጀምሮ የሚታወቀው በምን ሆነና! ሌሊቱ አጋምሶ "አንድ ዙር ብቻ" እያለ የሚያነጋ ሰው ነው የዚህ ጨዋታ ደንበኛ። እሱን ራሱን ረሱት።

እነዚህ ሁሉ ቀጥለው በመጡት ወራት አንድ በአንድ በአፕዴት ገቡ። ቆይ፣ ታዲያ ተጫዋቹ የለመደው የቱን ነው? የከተማ ስም አለመቀየርን?

ደሜን ወዳፈላው ነገር ልመለስ። "በሲቭ 5ም እንዲህ ብለው በኋላ ለመዱት" ይላሉ። ይህን የሚል ሰው ወይ ያኔ አልተጫወተም፣ ወይ ሆን ብሎ ረስቷል። ሲቭ 5 ሴፕቴምበር 2010 ሲወጣ በሲቭ 4 የነበሩት ሃይማኖትና ስለላ ከውስጡ ተነቅለው ነበር። ካርታው ባለ ስድስት ጎን ሆነ፣ በአንድ ቦታ አንድ ጦር ብቻ ይቆማል ተባለ። እሱ አዲስ ሐሳብ ነበር፤ ሰዉም ተቀብሎታል። ግን ኮምፒውተሩ በዚህ ሕግ ጦሩን መምራት አልቻለበትም። ሠራዊቱ መንገድ ላይ እርስ በርሱ ይዘጋጋል። ዲፕሎማሲው አይገባም። ሰዉ ጮኸ።

ከዚያስ? ተጫዋቹ ለመደ? በ2012 ጎድስ ኤንድ ኪንግስ የተባለው ማስፋፊያ (ለብቻ የሚሸጥ ተጨማሪ ክፍል) መጣና ሃይማኖቱንም ስለላውንም መለሰ። በ2013 ብሬቭ ኒው ወርልድ የንግድ መስመሮችን፣ የዓለም ጉባኤን፣ ርዕዮተ ዓለምን ጨመረ፣ የባህል ድልን እንደ አዲስ ሠራው። ዛሬ "ሲቭ 5 ወደር የለውም" የሚል ሰው ስታገኙ የትኛውን እንደሚጫወት ጠይቁት። የ2010ሩን ነው የሚል አንድ ሰው ካገኛችሁ ጽሑፌን አነሳለሁ። ሰው የወደደው የታረመውን ነው። እርማቱ ደግሞ የመጣው ሰው ስለጮኸ ነው። ተጫዋቹ ዝም ብሎ "ይለመዳል" ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ ኩባንያው የሚኮራበት ሲቭ 5 የሚባል ጨዋታ አይኖርም ነበር።

ለእርማቱም ዳግም የከፈለው ያው የጮኸው ሰው ነው። መጀመሪያ ያልተሟላውን ገዛ። ከዚያ ምን እንደጎደለ ቁጭ ብሎ፣ በነጻ፣ ዘርዝሮ ጻፈ። ከዚያ የጎደለውን ገዛ። አሥር ዓመት አልፎ ሲያበቃ "አየህ፣ ለመድከው" ይሉታል። ይህን የሚያህል ድፍረት አላየሁም።

ሲቭ 6 በ2016 ሲወጣ መልኩ የካርቱን ይመስላል ተብሎ ተተችቶ ነበር። እሱን እውነትም ለመድነው። አንድ ነጥብ ለዜልኒክ።

በሲቭ 7 ግን መልመድ ያልተቻለው መልክ አይደለም። ጨዋታው በሦስት ዘመን ተቆርጧል፦ ጥንታዊ፣ የአሰሳ፣ ዘመናዊ። ሲወጣ፣ ዘመኑ ሲያልቅ ስልጣኔህን ትጥልና ሌላ ትመርጥ ነበር። በዚያው አሠራር ጦርነትህ መሃል ላይ ይቋረጣል፣ ከዋና ከተማህ በቀር ከተሞችህ ወደ ትንንሽነት ይመለሳሉ፣ በአዛዥ ሥር ያልገባው ጦርህ ብዙው ይጠፋል። ጠላትህን ከበህ፣ ግንቡን ንደህ፣ ሁለት ዙር ቀርቶህ ስክሪኑ ይጠቁርና "ዘመኑ አለቀ" ይባላል። ከዚያ ሁሉም ሰላም ነው።

ለዚህ የተሰጠውን ምክንያት አውቃለሁ። የጨዋታው ፈጠራ ዳይሬክተር ኤድ ቢችና ባልደረቦቻቸው ብዙ ጊዜ አስረድተዋል፤ ብዙ ተጫዋች ጨዋታውን ሳይጨርስ ይተወዋል፣ አንዴ የቀደመ ሰው እየገዘፈ ስለሚሄድ መጨረሻው አሰልቺ ይሆናል። ችግሩ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ምን ሆነ? ሰዉ መጨረሻውን ስላልወደደው መጨረሻውን ማሳመር ሲገባ፣ መሃሉን ሁለት ጊዜ ቆረጡት። በዚያ ላይ ሰው አሸናፊነቱን ካወቀ በኋላ ጨዋታውን ቢዘጋ ምን አለበት? ደስ ብሎት ነው የዘጋው። ነገ አዲስ ይጀምራል። ይህን እንደ በሽታ የቆጠረው የቁጥር ሠንጠረዥ የሚያይ ሰው እንጂ የሚጫወት ሰው አይደለም።

ደሞ ማስጠንቀቂያ አልነበረም እንዳይሉ። ሂውማንካይንድ የተባለው የአምፕሊቱድ ጨዋታ በ2021 በየዘመኑ ባህል መቀየርን ይዞ ወጥቶ ነበር። ተጫዋቹ ያኔ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ማን እንደሆንኩ ጠፋኝ፣ ጎረቤቴም ማን እንደሆነ ጠፋኝ። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል የተጻፈ ቅሬታ በነጻ ተቀምጦ ነበር። ማንበብ ብቻ ነበር የሚጠበቀው።

እኛን የሚመለከተውን ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ በዚህ ተከታታይ ጨዋታ ውስጥ የቆየች ናት። በ2007 በሲቭ 4 ማስፋፊያ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ መጣች። በ2012 በሲቭ 5 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። በ2020 በሲቭ 6 በዳግማዊ ምኒልክ፣ ከድንጋይ በተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ጋር። ሦስቱም ጊዜ ተጨማሪ ተከፍሎባት እንደመጣች ልብ በሉልኝ። በሲቭ 7 አክሱም ገና ከጅምሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሲገባ ደስ ያላለው ሐበሻ ጌመር የለም። ሐውልት ታቆማለህ፣ ነጋዴህ ታንኳ ይባላል፣ ወርቅ ይገባል። መሪህ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሊሆን ይችላል፣ እሱን በሳቅ እንለፈው።

ከዚያ ዘመኑ ያልቃል። አክሱም ወዴት ይሂድ? ጨዋታው ሲወጣ በአሰሳው ዘመን ከሰሃራ በታች የነበረው ስልጣኔ ሶንግሃይ ብቻ ነው። በዘመናዊው ዘመን ከመላው አፍሪካ ቡጋንዳ ብቻ። ሁለቱም የሚከበሩ ታሪኮች ናቸው፤ ቡጋንዳን መጫወትም ደስ ይላል። ግን የአክሱም ቀጣይ አይደሉም። ዛጉዌ የለ፣ ጎንደር የለ፣ አድዋ የለ። ያቆምከው ሐውልት ካርታው ላይ ቆሞ አንተ ሌላ ሰው ሆነሃል። አፍሪካ ውስጥ ከጥንት እስከ ዛሬ ያለ መቋረጥ ሊሠራ የሚችል አገር ፈልግ ብትባል መጀመሪያ የምትጠራውን አገር ይዘው ከመሃል ቆረጧት። ይህን የምለው ለስሜት ብቻ አይደለም። ፋይራክሲስ ራሱ ለዓመታት የሚጠቅሰው ደንብ አለ፦ አዲስ ሲቭ ሲሠራ ሲሶው እንዳለ ይቀራል፣ ሲሶው ይሻሻላል፣ ሲሶው አዲስ ይሆናል። አንድን ሕዝብ ከድንጋይ ዘመን እስከ ጠፈር ማድረስ እንዳለ ከሚቀረው ሲሶ ውስጥ ካልገባ፣ ምን ሊገባ ነው?

የእንግሊዝን ነገር ደግሞ ተዉት። በዘመናዊው ዘመን ሜክሲኮ አለ፣ ሲያም አለ፣ ፕራሻ አለ፣ ብሪታንያ ግን ጨዋታው ሲወጣ አልነበረችም። ወር ሳይሞላ ለብቻ በሚከፈልበት ጥቅል መጣች። ዶሮ ወጥ አዝዘህ እንቁላሉ በሌላ ቢል ሲመጣ እንደማለት ነው። ይህንንም "ለመዱት" ይሉን ይሆናል።

አሁን አሁን ደግሞ አዲስ ክስ ሰማሁ። ስቱዲዮው ሴፕቴምበር 2025 ላይ ሠራተኞች ቀንሷል፣ ስለዚህ የጮኸው ተጫዋች ሰው ከእንጀራው አፈናቀለ ይላሉ። ኧረ በሕግ! ሰው ከሥራ መውጣቱ ያሳዝናል። ግን ያልበሰለ ጨዋታ በዚህ ቀን ይውጣ ብሎ የወሰነው ተጫዋች ነው? ዋጋውን የቆረጠው ተጫዋች ነው? የከተማ ስም መቀየሪያ ይቅር ያለው ተጫዋች ነው? ጠረጴዛ ላይ ያልነበረን ሰው የስብሰባው ተጠያቂ ማድረግ ነውር ነው። እንዲያውም ያ የተቀነሰው ሠራተኛ ስለ ጨዋታው ጉድለት ቀድሞ ያልተነገረው ነገር ካለ፣ ከኃላፊው ሳይሆን ከተጫዋቹ ነው የሰማው።

ቁጥሩም ይናገራል። ስቲም ላይ ሲቭ 7 በአንድ ጊዜ ያስገባው ከፍተኛው ቁጥር 84 ሺህ ገደማ ነው፤ ሲቭ 6 በዘመኑ ከ160 ሺህ አልፏል። ከወጣ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ በ2025 ብዙ ሰው የሚጫወተው አዲሱን ሳይሆን አሮጌውን ነበር። ኮንሶሉ (ከቴሌቪዥን ጋር የሚሠራው ማጫወቻ) አልተቆጠረም ይላሉ፤ እሺ፣ አልተቆጠረም። የወደደ ሰው ግን ወደ 2016ቱ ጨዋታ አይመለስም።

አንድ ነገር አልክድም፤ የጦር አዛዦቹ አሠራር ግሩም ነው። ሠራዊትን አንድ በአንድ ከመጎተት ገላግሎናል። ይህንን መጀመሪያ ያመሰገነው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያው "ለውጥ የሚፈራው" የቆየ ተጫዋች ነው። ጥሩውን ለውጥ በመጀመሪያው ቀን ተቀበለ፣ መጥፎውን በመጀመሪያው ቀን ጣለ። ምናሌውና ማብራሪያው አልሠራ ሲል ደግሞ በቀናት ውስጥ የራሱን ሞድ (ጨዋታውን የሚያሻሽል ተጨማሪ ፕሮግራም) ሠርቶ በነጻ አደለ። ደመወዝ ሳይከፈለው!

ስለዚህ ፋይራክሲስ የጠራቸውን ፈቃደኞች እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት ይያዛቸው። ምን እንደሞከሩ፣ የቱን እንደጣሉ፣ ለምን እንደጣሉ በይፋ ይውጣ። በአንድ ስልጣኔ የመጫወት አማራጩም ለይስሙላ የተለጠፈ እንዳይሆን፤ አክሱምን ይዤ ዘመናዊው ዘመን ስገባ የዚያ ዘመን ጦር፣ ሕንፃና ጠባይ ያለው አክሱም እፈልጋለሁ እንጂ ስሙ ብቻ የቀረለት አይደለም። ኢትዮጵያም በሲቭ 7 የምትመጣ ከሆነ፣ ለአራተኛ ጊዜ በተጨማሪ ሒሳብ እንዳትመጣ።