የስቲም ዴክ ስክሪን፦ አንጸባራቂው ወይስ ነጸብራቅ ቀናሹ?

ስለ ስቲም ዴክ (በእጅ ስለሚያዘው የቫልቭ ኩባንያ የጌም ኮምፒውተር) የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «ነጸብራቅ ቀናሹ ስክሪን ሁልጊዜ ይሻላል» ማለቱ አያስኬድም። ከስቲም ዴክ ኦሌድ ሞዴሎች (ስክሪናቸው እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ነው) 512 ጊጋባይቱ አንጸባራቂ መስታወት አለው፤ የ1 ቴራባይቱ መስታወት ደግሞ ነጸብራቅ እንዲቀንስ ገጹ በጣም በስሱ እንዲሻክር ተደርጓል። ሻካራው ገጽ ብርሃኑን አያጠፋውም፣ ይበትነዋል እንጂ። ከኋላችሁ ያለው መስኮት ቅርጹ ይጠፋና በስክሪኑ ላይ እንደ ስስ ጭጋግ ይነጠፋል። ያኔ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ኦሌድ የሚገዛው ደግሞ ለጥቁሩ ነው።

ስለዚህ ማታ ደብዘዝ ባለ መብራት የሚጫወት ሰው አንጸባራቂውን ይውሰድ። አውቶቡስ ውስጥ ወይም መስኮት ዳር ለሚጫወት ሌላኛው ያዋጣዋል። ለማከማቻው ብቻ ብላችሁ ግን አትምረጡ፤ የውስጥ ማከማቻው (ኤስኤስዲው) ኤም ዶት ቱ 2230 የሚባለው ትንሹ ዓይነት ስለሆነ በኋላ ይቀየራል፣ ማይክሮ ኤስዲ ካርድም ይቀበላል።

ጽሑፉ ያልነካው ትልቁ ጥፋት በ1 ቴራባይቱ ላይ አንጸባራቂ ቴምፐርድ ግላስ (የስክሪን መከላከያ መስታወት) መለጠፍ ነው። ማጣበቂያው ጥቃቅኑን ጎድጓዶች ይሞላል፣ አዲሱ የላይኛው ገጽም ራሱ ያንጸባርቃል። ተጨማሪ የከፈላችሁበት ነገር እዚያው ጠፋ ማለት ነው! በተቃራኒው አንጸባራቂው ላይ ማት ፊልም (የማያንጸባርቅ ስስ መከላከያ) ሲለጠፍ ነጭ ገጽ ላይ ደቃቅ ብልጭልጭታ ይመጣል፣ ትንንሽ ፊደላትም ይደበዝዛሉ።

ሻካራው ላይ የጣት ቅባት ጎልቶ ይታያል። መሣሪያውን አጥፉ፣ ማይክሮፋይበር ጨርቁን (ስክሪኑን አይደለም) በተጣራ ውኃ ነካ አድርጉና ሳትጫኑ ጥረጉ፤ በደረቅ ጨርቅ ጨርሱ። ሶፍት አትጠቀሙ፣ ብናኙ ተይዞ ይቀራል።